ሁሉም ደህና ነው የምትለው ጋሩቻ

ልትሄድ ነው! እሰይ፣ ልትሄድ ነው! ማክሰኞ በሚነሳው አውቶቡስ፣ ከነሻንጣዋ፣ ከነድስቷ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ልትሄድ ነው። ሰው ሲሄድ ይለቀሳል እንጂ እልል ይባላል ወይ የሚል ካለ ሩቢዬላ ኪሴኖን አያውቃትም ማለት ነው። እኔ አውቃታለሁ። ሱቄ ከጋሩቻዋ መሳፈሪያ አጠገብ ናት፤ የልብስ ቁልፍና ክር እየሸጥኩ እሷ ስትሮጥና ስትመለስ ሳይ ኖሬአለሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ እንደ እሷ የታሰረ ሰው አላየሁም።

ሩቢዬላ የበቅሎ ነጂ ልጅ ናት። አባቷ ወተትና ፓኔላ የሚባለውን የሸንኮራ ስኳር ጭኖ ገደሉን ሲወርድ፣ ገደሉን ሲወጣ ያረጀ ሰው ነበር። የእኛ መንደር ሞንቴብራቮ ወዲህ፣ የጎረቤቱ መንደር ላ ሚራንዳ ማዶ፣ በመሃል ወፍ እንኳ አስቦ የሚሻገረው ገደል። በኋላ ጋሩቻዋ መጣች። በብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ሰውንም አሳማንም የወተት ጋንንም የምታሻግር ቢጫ የእንጨት ሣጥን ናት። እሷ ስትመጣ የበቅሎው እንጀራ ቀረ፤ ልጅቷ ግን ከተማ ወርዳ ፕሮግራም መጻፍ ተምራ ተመለሰች። አሮጌው ሞተር ተነቅሎ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ሲተከል፣ የጋሩቻ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን አርካንሄል አስጠራት።

"ፕሮግራሙን ጻፊልን" አላት። "አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጋሩቻዬ ውስጥ 'ስህተት' የሚል ቃል እንዳላይ። ሰው እግሩ ሥር ገደል እያየ እንዲህ ያለ ቃል ካነበበ ልቡ ቀጥ ይላል።"

"ታዲያ ስትበላሽ ምን ትበል፣ ዶን አርካንሄል?"

"ሰው እንደሚለው ትበል እንጂ!"

ሰው እንደሚለው። የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚል እኔ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይወረወርም። አውቶቡሱ ሄደ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሄዶ አቧራው እንኳ ከሰከነ በኋላ፣ "አሁን አሁን ይመጣል" ትባላላችሁ፤ መንገደኛን ማሳዘን ነውር ነዋ። ለእናቴ የአጎቴ መርዶ የተነገራት "ትንሽ አመም አድርጎታል" ተብሎ ነው። ምስኪን፣ ትኩስ ሾርባ ይዛ ሄዳ መቃብሩ ላይ ደረሰች።

ሩቢዬላም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ፕሮግራሙን በአገሩ ወግ ጻፈችው። የገመዱን ውጥረት የሚያየው ክፍል አለ፤ ነፋሱን የሚለካው አለ፤ በሩ መቀርቀሩን የሚያረጋግጥ አለ። እያንዳንዱ ለጠየቀው መልስ ይሰጣል። መልሱ ክፉ ሲሆን ግን በየቦታው ወጥመድ አስቀምጣለታለች፤ ወጥመዱ ክፉውን ይይዛል፣ ይውጣል፣ ዝም ይላል። ወደ ላይ የሚያልፈው "ደህና" ብቻ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ጉዳይ የለውም፤ ሞተሩ ትእዛዝ ያጣ እንደሆነ በራሱ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ጋሩቻዋ ከገደሉ አናት ላይ ቀጥ ትልና ስክሪኗ በአረንጓዴ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ሁሉም ደህና ነው፤ አሁን አሁን እንንቀሳቀሳለን።"

ያን ጽሑፍ ተንጠልጥሎ ያላነበበ የሞንቴብራቮ ሰው የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ ዶኛ ኦፌሊያ አንድ ቀን ከነትኩስ ዳቦዋ መሃል ላይ ቀርታ፣ ስክሪኑን በጡጫ እየመታች፣ "ሁሉም ደህና ከሆነ እኔን እዚህ ምን ሰቀለኝ?" ስትል ጩኸቷ ሁለቱም ዳር ተሰምቷል።

ለምን እንደቆመች የሚያውቅ አልነበረም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሩቢዬላ ራሷ አታውቅም! ምክንያቱን የዋጠው ወጥመድ የእሷው ነውና፣ ያላት መንገድ ሮጦ መጥቶ ከገመዱ እስከ በሩ አንድ በአንድ መፈተሽ ብቻ ነበር። ጋሩቻዋ በቆመች ቁጥር የፍሬን ሰራተኛው ሽማግሌው ዶን ሌኦኒዳስ እንደ ደወል የተሰቀለውን የሐዲድ ብረት ይደበድባል፤ ሩቢዬላ ቦሎቄዋን ምድጃ ላይ ጥላ፣ አንዳንዴም ጸጉሯ ሳሙና እንደሆነ ትመጣለች። ብረቱ የማይሰማበት ቦታ ሄዳ አታውቅም። ለእህቷ ሠርግ አዲስ ቀሚስ ለብሳ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ጆሮዋን አቁማ ቆማ፣ ከዚህ ካለፍኩ አልሰማም ብላ ተመለሰች። ቀሚሱን ከነመስቀያው ሱቄ ውስጥ ሰቀለችው፤ ቤቷ ሆኖ ባላየው ይሻለኛል ብላ።

ባሏ ኔስቶር ሩቅ ባለው በቱርቦ ወደብ ሙዝ ይጭናል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ይመጣል፤ ሌላው ትዳራቸው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ደህና የሚይዘው እኔ ባንኮኒ ላይ ስለሆነ፣ ጆሮ ጠቢ ሆኜ ሳይሆን፣ የምሰማውን እሰማለሁ።

"ቤት አግኝቻለሁ" አላት በሚያዝያ። "ጓሮ አለው፣ የማንጎ ዛፍ አለው። ባለቤቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሊጠብቀኝ ቃል ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ይሰጠዋል።"

"እሺ፣ በቅርቡ" አለችው።

"በቅርቡ መቼ ነው፣ ሩቢ?"

"አሁን አሁን።"

"ሩቢ፣ እኔም የሞንቴብራቮ ልጅ ነኝ እኮ። 'አሁን አሁን' ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ሚስቴን ለብረት ገመድ ነው እንዴ የዳርኳት?"

ስልኩን ዘግታ የቁልፍ መሳቢያዬን ትክ ብላ ስታይ ቆየች።

"ዶኛ ፋቢዮላ" አለችኝ፣ "ብሄድና ገደል ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ቢቀርስ?"

"ሌላ ሰው አስተምሪያ!"

"ምን ብዬ ላስተምር? ለምን እንደምትቆም እኔስ መች አወቅሁ?"

እንግዲህ ፕሮግራሙን እንደገና የምትጽፍበትን አዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ መማር የጀመረችው ያን ሰሞን፣ እዚሁ ባንኮኒዬ ላይ ነው። ራስት ይባላል። በእንግሊዝኛ ዝገት ማለት ነው አለችኝ። "የብረት ገመድ ላለው ማኅበር ዝገት የሚባል ቋንቋ! ለዶን አርካንሄል ስሙን እንዳትነግሪው" አልኳት። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ነገሩን እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳጣ ስለሱ ነው የማስበው። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ መልስ የሚመጣው እኔ ከከተማ እንደማስመጣው ዕቃ በታሸገ ሣጥን ነው። ውስጡ ወይ የጠየቅሽው ነገር አለ፣ ወይ ያልተገኘበት ምክንያት። ሣጥኑን ሳትከፍቺ ዕቃው በእጄ ነው ብለሽ ሥራ ብትጀምሪ ቋንቋው አሻፈረኝ ይላል። "ምክንያቱ ቢመጣስ ምን ልታደርጊ ነው?" ብሎ ይይዝሻል። ካልመለስሽ ወይ ፍንክች!

"ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም በይኛ!" አልኳት።

"ምንም!"

ግን አንድ አቋራጭ አለው። "ክፈተው፣ እርግጠኛ ነኝ" ማለት ይቻላል። ያኔ ቋንቋው ያምንሻል፤ ሣጥኑን ይከፍተዋል። ውስጡ ክፉ ከሆነ ግን መሣሪያውን ጥሎ፣ የጀመረውን ሁሉ ትቶ፣ እዚያው ድፍት ብሎ ይሞታል። ሩቢዬላ ሰኔ እየሮጠባት ነበርና በየሣጥኑ ላይ ይህንኑ ጻፈች። እርግጠኛ ነኝ፤ እርግጠኛ ነኝ፤ እርግጠኛ ነኝ።

"እውነት እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት።

"አይደለሁም። ግን ሰኔ ገባ።"

አዲሱ ፕሮግራም በሚመረቅበት ጠዋት ዶን አርካንሄል የሰንበት ልብሱን ለብሶ፣ አዲስ ባርኔጣ ደፍቶ መጣ። እሱ፣ ሩቢዬላና እኔ ተሳፈርን፤ ዶን ሌኦኒዳስ ከሞተሩ ቤት ሆኖ ለቀቀን። ጋሩቻዋ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተች ሄደች። ገደሉ መሃል ስንደርስ ግን ወደ ፊት ገፋ አድርጋን፣ ወደ ኋላ መልሳ፣ ቆመች። ስክሪኑ ጠቆረ። አረንጓዴዋ ፊደል እንኳ የለችም።

"ሞተ" አለች ሩቢዬላ።

"ማነው የሞተው?" ዶን አርካንሄል ጣሪያውን ያያል።

"ፕሮግራሙ። አንዱን ሣጥን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አስከፈትኩት፤ ውስጡ ክፉ ነበር።"

"የቱን ሣጥን?"

"እሱን ነው የማላውቀው። እርግጠኛ ነኝ ያላልኩበት ቦታ የለም።"

"አሮጌዋ ቢያንስ ጨዋ ነበረች! ደህና ነው ትል ነበር!"

"በጨዋነት ተንጠልጥሎ መቅረትም ያው መቅረት ነው፣ ዶን አርካንሄል" አልኩት።

"እርስዎ ቁልፍዎን ይሽጡ!"

ከዚያ ጉሙ መጣ። መጀመሪያ ላ ሚራንዳን ዋጠ፣ ቀጥሎ ሞንቴብራቮን፤ ከዚያ ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን ገመድ። ሣጥኗ ብቻ ቀረች፣ በምንም ላይ ሳትንጠለጠል የቀረች ይመስል። በተወዛወዘች ቁጥር ወለሉ ሲጥ ይላል፤ በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር እግራችንን ይልሰናል። ስልክ አይሠራም። ዶን አርካንሄል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለካ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሩቻ ፈሪ ኖሯል! ላ ሚራንዳ ሲሄድ በዳር በዳር ተራራውን ዞሮ በመኪና ነው የሚሄደው፤ ያን ቀን አወቅን። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሻል፣ ያሻል። ወዴት ትንቀሳቀሳለህ? እጅህን ብትዘረጋ እንጨት፣ ከእንጨቱ ወዲያ ባዶ።

ሩቢዬላ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እንደ ለመደ ሰው።

"አዩ፣ ዶኛ ፋቢዮላ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እኔ የምኖረው እዚህ ነው። ወዲህም አልደርስ፣ ወዲያም አልደርስ። ኔስቶር ቤትሽ የት ነው ሲለኝ ይህን ነው ልነግረው ያቃተኝ።"

ዶን አርካንሄል ሰማት። ተነስቶ በመስኮቱ ወደ ጉሙ ጮኸ።

"ሌኦኒዳስ! ምንድን ነው የሆነው?"

ከጉሙ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። "ምንም የለም! ሁሉም ደህና ነው! አሁን አሁን ትንቀሳቀሳላችሁ!"

ቆየን። ጋሩቻዋ ተወዛወዘች።

"ሌኦኒዳስ!"

"ደህና ነው፣ ዶን አርካንሄል! ጥቂት ብቻ ይታገሱ!"

የዶን አርካንሄልን ፊት ብታዩት! መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያድለው የኖረውን ቃል መጀመሪያ ጊዜ ራሱ ተቀበለ።

"አንተ የማትረባ!" ብሎ ጮኸ፤ መስኮቱ ተርገበገበ። "ገደል ላይ ተሰቅዬ ደህና ነው ትለኛለህ? ምን እንደተበላሸ ንገረኝ! ክፉውን ንገረኝ! የምሞት እንደሆነም እኔው ልወቀው!"

ከዚያ የተሸማቀቀ ድምፅ፦ "እዚህ… በሞተሩ ቤት ስክሪን ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ከመቆሙ በፊት የጻፈው ነው።"

"አንብበው!"

"ጥሩ ነገር አይደለም እኮ፣ ዶን አርካንሄል…"

"አንብብ!"

"'የነፋስ መለኪያው አልመለሰም' ይላል።"

ሩቢዬላ ከግድግዳው ተነቀለች። ሲሞት እንኳ ምክንያቱን ተናግሮ ነው የሞተው! ቋንቋው አልዋጠውም። የዋጠው ሰው ነው። እሷም ወደ መስኮቱ ተንደርድራ ጮኸች።

"ዶን ሌኦኒዳስ! ገመዱስ? ግድግዳው ላይ ያለውን የውጥረት ሰዓት ይዩት! መርፌው የት ነው?"

"መሃል ላይ ነው፣ ልጄ! ጤነኛ ነው!"

"ታዲያ በእጅ በሚዞረው ማኖቬላ ለምን አይጎትቱንም?"

"ያለ አንቺ ፈቃድ ማኖቬላ አይነካም ተብዬ!"

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"ለመጠየቅ ክፉውን መንገር ሊኖርብኝ ነው! ደግሞ በምርቃት ቀን!"

ዶን አርካንሄል ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ዛሬም አላውቅም።

ሽማግሌው በእጁ እያዞረ ክንድ በክንድ መልሶ ጎተተን። የነፋስ መለኪያው ሣጥን ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶ ሽቦውን አላቅቆት ተገኘ። ዶን አርካንሄል መሬት ሲረግጥ መጀመሪያ መሬቱን በጫማው ሁለት ጊዜ መታ፤ ከዚያ ወደ ሩቢዬላ ዞረ።

"ጻፊው" አላት።

"ምኑን?"

"ክፉውን። በሚነበብ ፊደል። ብቻ ከፊቱ 'ይቅርታ' የሚል ይግባ፤ እንስሳ አይደለንም።"

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የመጣው። ሩቢዬላ ባንኮኒዬ ላይ ተቀምጣ "እርግጠኛ ነኝ" ያለችበትን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀለች፤ በየቦታውም "እውነት ይህ ቢመጣ ምን ይደረግ?" እያለች ራሷን ጠየቀች። ለካ ሁሉም ክፉ አንድ አይደለም! የነፋስ መለኪያው ዝም ካለ ታግሶ እንደገና መጠየቅ ነው፤ አሁንም ዝም ካለ ቆሞ መናገር። ገመዱ ከላላ ትዕግሥት ብሎ ነገር የለም፤ ፍሬን። ደግሞ ምን እንደሚወስን የማያውቅ ክፍል አለ፤ እሱ ክፉውን ሳይቀባ፣ ሳያለሳልስ፣ እንዳለ ለጠየቀው ያቀብላል። ያም ለበላዩ። ይሄኛውን እንዴት እንደወደድኩት! የመጨረሻው ተቀባይ ግን ማሽን አይደለም፤ ዶን ሌኦኒዳስ ነው። ስለዚህ እሱንም ማስተካከል ነበረባት።

"ገመዱ ላላ እንበል። ለተሳፋሪው ምን ይሉታል?"

"ገመዱ… ትንሽ ደክሞታል።"

"አይሆንም፣ ዶን ሌኦኒዳስ።"

"እንደ ድሮው ባይሆንም፣ ክብሩ ይስፋ…"

"ላልቷል ይበሉ!"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት!"

ቆቡን አውልቆ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ወደ መሬት እያየ፣ "ላልቷል" አለ በሹክሹክታ።

"ማዶ ድረስ እንዲሰማ!"

"ላልቷል!" አለና ደንግጦ አፉን ያዘ።

አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ጀመረ፤ ሩቢዬላ ግን አልሄደችም። ልቧ አላመነም። ሻንጣዋን አውጥታ መልሳ ትከታለች። የኔስቶር ስልክ ሲጠራ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሰኔ እየተንጠፈጠፈ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዚፕ ልትገዛ ሱቄ ገብታ ሳለ ጋሩቻዋ ቆመች። ሁለታችንም የሞተሩ ድምፅ ሲቋረጥ ሰማን። በመስኮቱ የመሳፈሪያው ስክሪን ይታያል፦ "ይቅርታ። የነፋስ መለኪያው አልመለሰም። ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ገመዱ ጤነኛ ነው። እባካችሁ መለኪያውን እዩት።"

ሩቢዬላ ዚፑን ጥላ ተነሳች። ሽርጧን ከኋላ ጨብጬ ያዝኳት።

"ይልቀቁኝ!"

"አልለቅም!"

"ሰው ተንጠልጥሏል እኮ!"

"የተንጠለጠለው ለምን እንደተንጠለጠለ ያውቃል! ዝም ብለሽ እይ!"

የሐዲዱን ብረት ስንጠብቅ አልተመታም። ዶን ሌኦኒዳስ ከሞተሩ ቤት ወጣ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቀና፣ ወደ ገደሉም እጁን አፉ ላይ ክብ አድርጎ እንዲህ ብሎ አንባረቀ፦ "የነፋስ መለኪያው ተበላሽቷል! ጨርቅ ተጠምጥሞበታል! ላነሳው እየወጣሁ ነው!" ከጋሩቻዋ ውስጥ አንዲት ሴት፣ "እሺ! ቀስ ብለው ይውጡ፣ እንዳይወድቁ!" አለችው። መሰላሉን ወጣ፣ ጨርቁን ፈታ፣ ወረደ። ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌው በሱቄ በር ሲያልፍ ቆቡን ለሩቢዬላ ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ስለ ነገሩ አንድ ቃል አላነሳላትም።

ሽርጧን ለቀቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ተቆልፏል ብሎ በትከሻው ሊገፋ የተዘጋጀ ሰው፣ በሩ ገና እንደነካው ሲከፈትለት እንደሚሆነው ሆነች።

"አልጠሩኝም" አለች።

"አልጠሩሽም።"

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

"ኔስቶር፣ ማክሰኞ እመጣለሁ።"

"አሁን አሁን ማለትሽ ነው?"

"ማክሰኞ ማለቴ ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ።"

እዚያ ማዶ ጉሮሮውን ሲጠርግ እኔ እንኳ ሰማሁት።

"ሩቢ… ስለ ቤቱ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።"

"ንገረኝ።"

"ኩሽናው ጣሪያ የለውም።"

"ምንም?"

"ምንም። ከላይ ሰማይ ነው። ማንጎው ይወድቅበታል። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ፤ ከነገርኩሽ ትቀሪያለሽ ብዬ።"

ሩቢዬላ ሳቀች፤ ሳቋ ቁልፎቼን በየመሳቢያቸው አንቀጫቀጫቸው። "ቆርቆሮውን አንተ ግዛ" አለችው፣ "ሚስማሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ወርዱን ለክተህ ንገረኝ፤ ደግሞ እውነተኛውን!"

አሁን ሻንጣዋን ልታስር ወደ ቤቷ ሄዳለች። ዶኛ ኦፌሊያ ግን ጠዋት ዳቦ ይዛ ላ ሚራንዳ ተሻግራ ስለነበር አልሰማችም። ዶን አርካንሄል ደግሞ ወሬውን ሰምቶ በመኪናው ወደዚያው ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ቀድሞኝ ካገኛት "ሩቢዬላ ትንሽ ወጣ ብላ ትመለሳለች" ብሎ ያለሳልስባታል፤ የሰው ጠባይ በአንድ ሰኔ አይለወጥም። እሱ ተራራውን ሲዞር እኔ በቀጥታ ነኝ። ጋሩቻዋ መጣች፣ ሱቁን ዘግቼአለሁ፤ ዶን ሌኦኒዳስ፣ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ!